የመኪና ኤሲ ሱፐርሂትና ሰብኩሊንግ ልኬት

ሱፐርሂት እና ሰብኩሊንግ በመኪና አየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ውስጥ የሚዘዋወረው ማቀዝቀዣ ጋዝ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚያሳዩ ሁለት የመጠነ ሙቀት ልዩነቶች ናቸው። ሱፐርሂት ጋዙ ሙሉ በሙሉ ተንኖ ካለቀ በኋላ፣ ከሚፈላበት መጠነ ሙቀት በላይ ስንት ዲግሪ እንደሞቀ ይነግራል። ሰብኩሊንግ ደግሞ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ ከሆነ በኋላ፣ ፈሳሽ ከሆነበት መጠነ ሙቀት በታች ስንት ዲግሪ እንደቀዘቀዘ ይነግራል። ሁለቱም የሚገኙት በስሌት ነው፤ ግፊትና የቧንቧ መጠነ ሙቀት ይለካሉ፣ ግፊቱ በሠንጠረዥ ወደ ፍሌት መጠነ ሙቀት ይቀየራል፣ ከዚያ አንዱ ከሌላው ይቀነሳል።

የእነዚህ ቁጥሮች ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ኤሲው «አይቀዘቅዝም» ተብሎ መኪናው ጋራዥ ሲገባ ነው። በብዙ ቦታ የተለመደው ጌጅ አስሮ፣ ዝቅተኛው ግፊት ልክ እስኪመስል ድረስ ጋዝ መሙላት ነው። ግፊት ብቻውን ግን በሲስተሙ ውስጥ ምን ያህል ጋዝ እንዳለ አይናገርም። ግማሽ ድረስ ፈሳሽ ያለበት ሲሊንደርና አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ብቻ የቀረው ሲሊንደር በአንድ ክፍል ቢያድሩ፣ ጠዋት ላይ ጌጁ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳያል። በብዙ ትንንሽ መኪኖች የሚሞላው ጋዝ ጠቅላላ መጠን ከ400 እስከ 600 ግራም ስለሆነ፣ በግምት የተጨመረ ወይም የጎደለ 100 ግራም ትንሽ ስሕተት አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ «ጋዝ» የሚለው ቃል በጋራዥ እንደተለመደው ማቀዝቀዣውን በየትኛውም መልኩ ያመለክታል፤ የተነነው መልኩ ሲፈለግ «እንፋሎት» ተብሏል።

ፍሌትና ግፊት

ማንኛውም ፈሳሽ የሚፈላበት መጠነ ሙቀት በላዩ ባለው ግፊት ይወሰናል። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ይፈላል። በደጋ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚዘገዩት፣ ፕሬዠር ኩከር ደግሞ የሚያፈጥናቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ማቀዝቀዣ ጋዝም ይህንኑ ሕግ ይከተላል፤ ልዩነቱ የሚፈላው እጅግ ዝቅ ባለ መጠነ ሙቀት መሆኑ ነው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንስቶ አር-12ን ተክቶ በመኪኖች የተለመደው አር-134ኤ፣ በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል።

ግፊቱ ሲጨምር ፍሌቱም ወደ ላይ ይወጣል። የአር-134ኤ ፍጹም ግፊት 2.93 ባር ሲሆን ፍሌቱ 0 ዲግሪ ነው፤ በ4.15 ባር 10፣ በ5.72 ባር 20፣ በ7.70 ባር 30፣ በ10.17 ባር 40፣ በ13.18 ባር 50፣ በ16.82 ባር 60 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ የግፊትና የመጠነ ሙቀት ሠንጠረዥ ነው። ፈሳሽና እንፋሎት አብረው ባሉበት ቦታ ሁሉ ሁለቱ ቁጥሮች እንደተያያዙ ይቆያሉ። ግፊቱ ሳይለወጥ ሙቀት ቢጨመር ተጨማሪ ፈሳሽ ይተናል እንጂ መጠነ ሙቀቱ አይነሣም። ጋዙ ከዚህ ትስስር የሚወጣው አንደኛው መልክ ብቻውን ሲቀር ነው። የመጨረሻዋ ጠብታ ተንና ካለቀች በኋላ የሚገባው ሙቀት እንፋሎቱን ከፍሌቱ በላይ ያሞቀዋል። የመጨረሻው እንፋሎት ፈሳሽ ከሆነ በኋላ የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ፈሳሹን ከፍሌቱ በታች ያቀዘቅዘዋል። እንግዲህ ሱፐርሂት በተለካበት ቦታ ፈሳሽ የለም ማለት ይቻላል፤ ሰብኩሊንግ በተለካበት ቦታም እንፋሎት የለም።

አንድ ኪሎግራም አር-134ኤ በ0 ዲግሪ ሲተን 199 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ያው ኪሎግራም ተንኖ ካለቀ በኋላ አንድ ዲግሪ ለመሞቅ የሚወስደው ግን 0.9 ኪሎጁል ገደማ ብቻ ነው። የመኪናው ውስጥ የሚቀዘቅዘው፣ እንግዲህ፣ ፈሳሽ እየፈላ ባለበት የኢቫፖሬተር ክፍል ነው፤ በሱፐርሂት የተያዘው ክፍል ከሞላ ጎደል ሥራ ፈት ነው። ሱፐርሂት ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ፈሳሽ ወደ ኮምፕሬሰሩ ሊደርስ ይችላል። ፈሳሽ እንደ እንፋሎት አይታመቅምና የኮምፕሬሰሩን ቫልቮች ይሰብራል፤ ዘይቱንም ያጥበዋል። ጥቂት ዲግሪ ሱፐርሂት የሚተወው ለመጠባበቂያ ነው።

በዑደቱ ውስጥ ያላቸው ቦታ

ኮምፕሬሰሩ ከኢቫፖሬተር የሚመጣውን ዝቅተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት ስቦ ያምቀውና በጣም ሞቆ ወደ ኮንዴንሰር ይልከዋል። ከራዲያተሩ ፊት ለፊት የሚገኘው ኮንዴንሰር ሦስት ሥራ በተከታታይ ይሠራል። በመግቢያው በኩል የታመቀውን እንፋሎት እስከ ፍሌቱ ያቀዘቅዘዋል፤ በአብዛኛው አካሉ እንፋሎቱን ወደ ፈሳሽ ይለውጠዋል፤ በመጨረሻዎቹ ቱቦዎች ፈሳሹን ከፍሌቱ በታች ያወርደዋል። የሰብኩሊንግ ቁጥር የሚናገረው ስለ እነዚህ የመጨረሻ ቱቦዎች ነው። በውስጣቸው የተጠራቀመው ፈሳሽ በበዛ ቁጥር ሰብኩሊንጉ ይጨምራል፤ ባነሰ ቁጥር ይቀንሳል።

ፈሳሹ ከኮንዴንሰር ወጥቶ በድራየር በኩል ወደ ኤክስፓንሽን ቫልቭ ይሄዳል። ቫልቩ ጠባብ ቀዳዳ ነው፤ ከእሱ ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወርድና ጋዙ ቀዝቅዞ ዳሽቦርዱ ውስጥ ወዳለው ኢቫፖሬተር ይገባል። እዚህ ላይ ሰብኩሊንግ ጥቅሙን ያሳያል። ወደ ቫልቩ የሚደርሰው ፈሳሽ ልክ በፍሌቱ ላይ ከሆነ፣ በመንገዱ በሚያጋጥመው ጥቂት የግፊት መቀነስ ወይም የሞተር ሙቀት የተነሣ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ የበዛበት ቫልቭ ደግሞ የሚያሳልፈው የጋዝ ክብደት ያንሳል። በተጨማሪም ፈሳሹ በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር እያንዳንዱ ኪሎግራም በኢቫፖሬተሩ ውስጥ ወደ 1.5 ኪሎጁል የሚጠጋ ተጨማሪ ሙቀት መሸከም ይችላል።

ኤክስፓንሽን ቫልቩ የሚከታተለው ራሱ ሱፐርሂቱን ነው። ከኢቫፖሬተር የሚወጣው እንፋሎት ሲሞቅ ይከፈታል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል። በዛሬዎቹ መኪኖች የተለመደው ባለ ብሎክ ቫልቭ የመውጫውን ቧንቧ በራሱ አካል ውስጥ አሳልፎ መጠነ ሙቀቱን እዚያው ይቀበላል። ቫልቩ ጤነኛ እስከሆነና በቂ ፈሳሽ እስከደረሰው ድረስ ሱፐርሂቱ ብዙ አይለዋወጥም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሲስተም የጋዝ መብዛት በሱፐርሂት ላይ ላይታይ ይችላል፤ ቀድሞ የሚታየው በሰብኩሊንግ ላይ ነው።

ድራየሩ ነገሩን ያወሳስበዋል። የድራየር ሥራ እርጥበት መምጠጥ ብቻ ሳይሆን ትርፍ ፈሳሽ ማስቀመጥም ነው። በውስጡ ፈሳሽና እንፋሎት አብረው ስላሉ ከእሱ የሚወጣው ፈሳሽ ከፍሌቱ እምብዛም አይርቅም። ብዙዎቹ አዳዲስ ኮንዴንሰሮች ድራየሩን በጎናቸው አቅፈው ይይዙና ከእሱ የወጣውን ፈሳሽ በታችኞቹ ጥቂት ቱቦዎች እንደገና የሚያሳልፉት ይህን ለማስተካከል ነው። በእነዚህ ላይ ሰብኩሊንግ የሚለካው ከመጨረሻው መውጫ ነው። ባዶ ሲስተም ቀስ በቀስ እየተሞላ ሰብኩሊንጉ ቢመዘገብ፣ መጀመሪያ ይጨምራል፤ ከዚያ ድራየሩ እየሞላ ሳለ ጋዝ ቢጨመርም ቁጥሩ ባለበት ይቆያል፤ ድራየሩ ሲሞላ እንደገና ሽቅብ ይሄዳል። ትክክለኛው ሙሌት በዚያ ጠፍጣፋ ክፍል ውስጥ ይገኛል። ይህ ሰብኩሊንግ ምን እንደማይችልም ያሳያል፤ በጠፍጣፋው ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት መኪኖች አንዱ ከሌላው በብዙ ግራም ቢበላለጥ ቁጥሩ አይለያቸውም። ሲስተሙ እንደ አዲስ ሲሞላ በሞተር ክፍሉ ላይ በተለጠፈው ግራም መሠረት በሚዛን መሙላት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ሱፐርሂትና ሰብኩሊንግ የምርመራ መሣሪያዎች ናቸው፤ ሚዛንን አይተኩም።

አለካክ

ለልኬቱ ማኒፎልድ ጌጅ፣ ቧንቧ ላይ የሚቆነጠጥ ቴርሞሜትርና የጋዙ ሠንጠረዥ ይበቃሉ። ሰማያዊው ጌጅ ለዝቅተኛው፣ ቀዩ ለከፍተኛው ግፊት ነው። በአር-134ኤ ሲስተም የዝቅተኛው መግጠሚያ 13 ሚሊሜትር፣ የከፍተኛው 16 ሚሊሜትር ስለሆነ ሁለቱን ማቀያየር አይቻልም።

የመኪና ኤሲ ከቤት ወይም ከሱቅ ማቀዝቀዣ የሚለየው ኮምፕሬሰሩ በሞተሩ ፍጥነት መዞሩና ኮንዴንሰሩ የሚያገኘው ነፋስ በመኪናው ጉዞ መወሰኑ ነው። ስለዚህ ልኬቱ ትርጉም እንዲኖረው ሁኔታው መጽናት አለበት። ሞተሩ በደቂቃ 1500 ዙር ገደማ ላይ ይያዛል፤ ከኮንዴንሰሩ ፊት ትልቅ ማራገቢያ ቢቆም ይመረጣል፤ የውስጥ ማራገቢያው ከፍተኛው ላይ ይደረጋል፤ በሮች ይከፈታሉ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተጠብቆ ጌጆቹ መወዛወዝ ሲተዉ ግፊትና መጠነ ሙቀት በአንድ ጊዜ ይነበባሉ። ግፊቱ ተነቦ ቴርሞሜትሩ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ከታየ ውጤቱ የሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች ቅልቅል ይሆናል።

ለሱፐርሂት ቴርሞሜትሩ ከኢቫፖሬተር የሚወጣው ወፍራም ቧንቧ ላይ፣ ከኤክስፓንሽን ቫልቩ አጠገብ ይያዛል። ለሰብኩሊንግ ከኮንዴንሰር በሚወጣው ቀጭን ቧንቧ ላይ ነው። ቧንቧው ከአቧራና ከዘይት ይጸዳል፤ ቴርሞሜትሩ ከተያዘ በኋላ በስፖንጅ ወይም በጨርቅ ይሸፈናል፤ አለበለዚያ የሚለካው ከፊሉ የሞተር ክፍሉን ትኩስ አየር ነው። በጨረር የሚለኩት ሽጉጥ መሰል ቴርሞሜትሮች ለዚህ ሥራ አይመከሩም። የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም የራሱን ጨረር በጣም ጥቂት ስለሚለቅና በዙሪያው ያሉትን ትኩስ ነገሮች እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ፣ ቀዝቃዛው ቧንቧ የሞቀ መስሎ ሊነበብ ይችላል። ሌላ መሣሪያ ከሌለ ቧንቧው ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፎ በፕላስተሩ ላይ ማንበብ ስሕተቱን ይቀንሰዋል።

የጌጅ መግጠሚያው ያለበት ቦታም መታወቅ አለበት። በአንዳንድ መኪኖች የከፍተኛው ግፊት መግጠሚያ ከኮንዴንሰሩ በፊት፣ በሌሎች ከኮንዴንሰሩ በኋላ ነው። ከፊት ከሆነ የሚነበበው ግፊት በኮንዴንሰሩ ውስጥ የሚጠፋውንም ስለሚጨምር ሰብኩሊንጉ ከእውነተኛው በልጦ ይታያል። በዝቅተኛው በኩል ደግሞ ቴርሞሜትሩ ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ ከተያዘ፣ ቧንቧው በሞተር ክፍሉ ሲያልፍ ያገኘው ሙቀት ይደመርና ሱፐርሂቱ ከፍ ይላል። ያ ቁጥር ራሱ ለኮምፕሬሰሩ ደኅንነት ይጠቅማል፤ ስለ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ለመፍረድ ግን አይሆንም።

አር-134ኤ ቆዳ ላይ ቢፈስ ወዲያው ስለሚፈላ ቆዳን እንደ በረዶ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ የባሰ ነው። መነጽርና ጓንት የሚደረገው ለዚህ ነው። በእሳት አጠገብ የፈሰሰ ጋዝ ደግሞ ተበታትኖ መርዛማ የሆነ አሲዳማ ጋዝ ይፈጥራል።

ከፍታና የጌጅ ንባብ

በኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞች ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ነጥብ ይህ ነው። የተለመደው ጌጅ የሚለካው በቧንቧው ውስጥ ባለው ግፊትና በውጭው አየር ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በጌጁ ፊት ላይ የታተሙት የመጠነ ሙቀት ቁጥሮችና አብዛኞቹ የጌጅ ሠንጠረዦች ግን የውጭው አየር 1.01 ባር ነው ብለው ያስባሉ፤ ይህ የባሕር ጠለል ግፊት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ያህል ነው። ስለዚህ ያው ፍጹም ግፊት በአዲስ አበባ ሲለካ ጌጁ 0.24 ባር፣ ማለትም 3.5 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ አስበልጦ ያሳያል።

ምሳሌ፦ በአዲስ አበባ ሰማያዊው ጌጅ 2.0 ባር ያነባል፤ ከኢቫፖሬተር የሚወጣው ቧንቧ 5 ዲግሪ ነው። ፍጹሙ ግፊት 2.0 እና 0.77 ተደምረው 2.77 ባር ነው፤ በዚህ ግፊት አር-134ኤ የሚፈላው ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ ተኩል ላይ ነው። ሱፐርሂቱ 6.5 ዲግሪ ይሆናል። የባሕር ጠለል ሠንጠረዥ የተጠቀመ ሰው ግን ፍጹሙን ግፊት 3.01 ባር አድርጎ ስለሚወስድ ፍሌቱን ከዜሮ በላይ 0.8 ዲግሪ ያገኛል፤ ሱፐርሂቱም 4.2 ዲግሪ ይሆንበታል። ከ2 ዲግሪ በላይ የሆነው ይህ ልዩነት ጤነኛ ቫልቭን «ብዙ ያሳልፋል» አሰኝቶ ሊያስቀይር ይችላል።

በከፍተኛው ግፊት በኩል ስሕተቱ ያንሳል። ቀዩ ጌጅ 11.0 ባር ቢያነብና የፈሳሹ ቧንቧ 38 ዲግሪ ቢሆን፣ ፍጹሙ 11.77 ባር፣ ፍሌቱ 45.5 ዲግሪ፣ ሰብኩሊንጉ 7.5 ዲግሪ ነው። የከፍታው እርማት ቢዘነጋ 8.3 ይወጣል። ልዩነቱ የሚጠበው በከፍተኛ ግፊት አንዷ ባር የምታንቀሳቅሰው ዲግሪ ጥቂት ስለሆነ ነው። እንደ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ባለ ከተማ እርማቱ የአዲስ አበባውን ግማሽ ያህላል። ዲጂታል ጌጆች ሱፐርሂቱን ራሳቸው ያሰላሉ፤ አንዳንዶቹ የአየሩን ግፊት ራሳቸው ይለካሉ፣ ሌሎቹ ግን ከፍታው እንዲሞላላቸው ይጠብቃሉ።

ቁጥሮቹን ማንበብ

ኤክስፓንሽን ቫልቭ ባለው መኪና በኢቫፖሬተሩ መውጫ የሚጠበቀው ሱፐርሂት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሰብኩሊንግ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ፣ ድራየሩን ባቀፉት ኮንዴንሰሮች ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። አምራቹ የሰጠው ቁጥር ካለ እሱ ይቀድማል። ዋናው ቁም ነገር ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ነው፤ ሱፐርሂት ብቻውን ከፍ ማለቱ ቢያንስ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ብልሽቶችን ሊያመለክት ይችላል።

ሱፐርሂት ከፍ ብሎ ሰብኩሊንግ ዝቅ ካለ ጋዝ ጎድሏል። ኢቫፖሬተሩ የሚያፈላው ፈሳሽ አልበቃውም፤ በኮንዴንሰሩም የተጠራቀመ ፈሳሽ የለም። ጋዝ በራሱ አያልቅምና የፈሰሰበትን ቦታ ሳይፈልጉ መሙላት ችግሩን ማስተላለፍ ነው። ከጋዙ ጋር የሚጎዳ ሌላም ነገር አለ። የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዘዋወረው በጋዙ ተሸክሞ ነው፤ ጋዝ ሲጎድል ዘይቱ ወደ ኮምፕሬሰሩ በበቂ አይመለስም። ኮምፕሬሰሩ ደርቆ ሲነክስ የሚበተነው የብረት ብናኝ ኮንዴንሰሩንና ቫልቩን ይዘጋል፤ መኪናው የአንድ ጎማ ቀዳዳ ወይም የአንድ ኦሪንግ ጥገና የሚበቃው የነበረ ሲስተም ሙሉ በሙሉ ሊቀየርለት ግድ ይሆናል።

ሱፐርሂት ከፍ ብሎ ሰብኩሊንግ ደግሞ ደኅና ወይም ከፍ ያለ ከሆነ ጋዙ አለ፤ መንገድ ተዘግቶበታል። ፈሳሹ ከኮንዴንሰሩ በኋላ ተከማችቶ ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚያልፈው ጥቂት ነው። የተደፈነ ድራየር፣ የተቆለፈ ወይም በብናኝ የተዘጋ ኤክስፓንሽን ቫልቭ፣ የተጨፈለቀ ቧንቧ ይጠረጠራሉ። ድራየር ወይም ቧንቧ ሲደፈን በመዘጊያው ፊትና ኋላ የመጠነ ሙቀት ልዩነት በእጅ ሳይቀር ይታወቃል፤ አንዳንዴም ላቡ ወይም በረዶው ቦታውን ያሳያል። ይህንና የጋዝ መጉደልን በዝቅተኛው ጌጅ ብቻ መለየት አይቻልም፤ በሁለቱም ሰማያዊው ጌጅ ዝቅ ይላል። በዚህ ሁኔታ ጋዝ ቢጨመር የሚወጣው ከፍተኛው ግፊት ነው፤ ቅዝቃዜው አይመለስም።

ሱፐርሂት ዝቅ ብሎ፣ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚገባው ቧንቧ ላቡ ሲንጠባጠብ፣ ቫልቩ ከልክ በላይ ተከፍቷል ወይም ኢቫፖሬተሩ በቂ አየር አላገኘም። ሁለተኛው ምክንያት ቶሎ ይረሳል። በአቧራ የተደፈነ የውስጥ አየር ማጣሪያ ወይም የደከመ ማራገቢያ ለፈሳሹ የሚያፈላውን ሙቀት ስለሚነፍገው፣ ቫልቩ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ሱፐርሂቱ ይወርዳል። ማጣሪያውን ማውጣት ቫልቭ ከመፍታት ይቀላልና መጀመሪያ እሱ ይታያል።

ሰብኩሊንግ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ከፍተኛው ግፊትም አብሮ ከወጣ ጋዝ በዝቷል። ትርፉ ፈሳሽ የኮንዴንሰሩን ታችኛ ቱቦዎች ይሞላል፤ እንፋሎት ወደ ፈሳሽ የሚለወጥበት ቦታ ይጠባል፤ ግፊቱ ይወጣል፤ ኮምፕሬሰሩ ይደክማል። ነገር ግን ያው ምልክት ሲስተሙ ውስጥ አየር ሲኖርም ይታያል። አየር ፈሳሽ ስለማይሆን ግፊቱን በጋዙ ግፊት ላይ ይደምራል፤ ከጌጁ የተሰላው ፍሌት ከእውነተኛው ይበልጣል፤ ሰብኩሊንጉም በሐሰት ያብጣል። ሁለቱን ለመለየት መኪናው ሞተሩ ጠፍቶ ያድራል። ጠዋት ሁሉም ክፍል 20 ዲግሪ ከሆነ ንጹሕ አር-134ኤ በአዲስ አበባ ጌጅ 4.95 ባር ገደማ ማሳየት አለበት። 6 ባር ካሳየ ውስጡ ጋዙ ብቻ አይደለም፤ መፍትሔው አውጥቶ፣ በቫኪዩም አድርቆ፣ በሚዛን እንደገና መሙላት ነው።

ሱፐርሂት ከማንኛውም የጌጅ ንባብ በላይ ዋጋ የሚያገኘው ምታቸውን ራሳቸው የሚያስተካክሉ ኮምፕሬሰሮች ባሉባቸው መኪኖች ነው። እነዚህ ዝቅተኛው ግፊት ሊወርድ ሲል የሚያምቁትን መጠን ይቀንሱና ግፊቱን በቦታው ያቆያሉ። ጋዝ ጎድሎም ሰማያዊው ጌጅ 2 ባር አካባቢ ቆሞ ደኅና ይመስላል። ጌጁን ብቻ ያየ ባለሙያ «ጋዙ ልክ ነው» ይላል፤ ሱፐርሂቱ 15 ወይም 20 ዲግሪ መድረሱን የሚያየው ቴርሞሜትር የያዘው ነው።

ኦሪፊስ ቱብ ያላቸው ሲስተሞች

በጄኔራል ሞተርስና በፎርድ መኪኖች ለረጅም ዓመታት የተለመደው አሠራር ኤክስፓንሽን ቫልቭ የለውም። በምትኩ መጠኑ የማይለወጥ ቀዳዳ፣ ማለትም ኦሪፊስ ቱብ አለ፤ ድራየሩም ከኢቫፖሬተሩ በኋላ ይመጣና አኩሙሌተር ይባላል። ሥራው ያልተነነው ፈሳሽ ወደ ኮምፕሬሰሩ እንዳይሄድ መያዝ ነው። በዚህ ሲስተም ኢቫፖሬተሩ ሆን ተብሎ እስከ መውጫው በፈሳሽ ይሞላል፤ ጋዙ በቂ ሲሆን በመውጫው ያለው ሱፐርሂት ወደ ዜሮ ይጠጋል። የኢቫፖሬተሩ መግቢያና መውጫ ቧንቧ ሲነካ እኩል ከቀዘቀዘ ሙሌቱ ደኅና ነው፤ መውጫው ጎልቶ ከሞቀ ጎድሏል። ለቫልቭ ሲስተም የሚጠበቀውን 6 ዲግሪ እዚህ የሚፈልግ ሰው ጤነኛውን ሲስተም ጋዝ ይቀንስበታል።

ልኬቱ የማይሠራበት ቦታ

ሠንጠረዡ የሚሠራው ለተጻፈለት ጋዝ ብቻ ነው። በአር-134ኤ ስም የሚሸጥ የፕሮፔንና የአይሶቡቴን ድብልቅ ሲስተሙ ውስጥ ካለ ስሌቱ ትርጉም ያጣል። ድብልቆች በአንድ መጠነ ሙቀት ፈልተው አያልቁም፤ ሲጀምሩና ሲጨርሱ ያለው ፍሌት ይለያያል። ከዚያም በላይ እነዚህ ተቀጣጣይ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 1 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች አር-134ኤን ከከለከለ ወዲህ የተስፋፋው አር-1234ዋይኤፍ የራሱ ሠንጠረዥ አለው፤ ግፊቶቹ ከአር-134ኤ ጋር ስለሚቀራረቡ አንዱን በሌላው ማንበብ ቀላል፣ ስሕተቱም በቀላሉ የማይታይ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካደረገች በኋላ በጋራዦች እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ሌላ ጥያቄ ያመጣሉ። ኮምፕሬሰራቸው በኤሌክትሪክ ስለሚዞር ፍጥነቱ በነዳጅ መስጫ አይያዝም፤ በመመርመሪያ ኮምፒውተር መታየት አለበት። ያው ጋዝ ብዙ ጊዜ ባትሪውንም ስለሚያቀዘቅዝ የዑደቱ መንገድ በየሰዓቱ ሊቀያየር ይችላል። በብርቱካናማ ሽፋን የሚታወቁት ከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዶች ስላሉ ያለ ሥልጠና አይነካም፤ በነዳጅ መኪኖች የተለመደው ዘይትም ለእነዚህ ኮምፕሬሰሮች አይሆንም፣ ኤሌክትሪክን ለይቶ የሚይዝ ዘይት ያስፈልጋቸዋል።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚሠሩ ሲስተሞች ደግሞ ሰብኩሊንግ የሚለው ሐሳብ ራሱ ይቀራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ በላይ በማንኛውም ግፊት ፈሳሽ አይሆንም። ሞቃት ቀን ላይ ከኮንዴንሰሩ ቦታ ያለው ክፍል እንፋሎቱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ወደ ፈሳሽ አይለውጠውም፤ የሚቀነስበት ፍሌት ስለሌለ ከዚያ ክፍል በሚወጣው መጠነ ሙቀትና ግፊት ብቻ ይመረመራል። በኢቫፖሬተሩ በኩል ግን ፍሌት ስላለ ሱፐርሂት እንደ ወትሮው ይለካል።